ፍትግ ሩዝና የባታቪያ ዶሮዎች፦ የዶክተር ክርስቲያን አይክማን ሕይወት

የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የከተማዋ ገበታ ከሁለት አቅጣጫ ይሞላል። ከሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ ማሽላ፣ በቆሎና ጥራጥሬ ይወርድላታል፤ በጅቡቲ በኩል ደግሞ ሩዝ፣ ነጭ ዱቄትና ፓስታ ይገባላታል። በባቡር የመጣው የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ መቆጠሩ፣ የነጣውም ዱቄት ከጠቆረው ይልቅ መከበሩ የታወቀ ነው። እህልን ማንጣት ደግሞ በመሠረቱ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ወፍጮውን፣ ወንፊቱንና መፈተጊያውን የሚነድፈው እርሱ ነውና። መኪናው እህሉን ሲያነጣ ምን አብሮ እንደሚወስድ በሙከራ ያሳዩት ግን መሐንዲስ ሳይሆኑ ሆላንዳዊው የጦር ሐኪም ዶክተር ክርስቲያን አይክማን ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አይክማን ነሐሴ 11 ቀን 1858 በሆላንድ አገር ናይከርክ በምትባል ከተማ ከትምህርት ቤት ኃላፊ ተወለዱ። በአምስተርዳም ሕክምና ያጠኑት በጦር ሠራዊቱ ወጪ ስለ ነበር፣ በ1883 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን እንዳገኙ ውለታቸውን ለመክፈል ዛሬ ኢንዶኔዥያ ወደምትባለው ቅኝ ግዛት ዘመቱ። በዚያም ወባ ስለ ያዛቸው በ1885 ታመው ተመለሱ፤ በዓመቱም ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ከዚህ በኋላ ወደ በርሊን ሄደው ከታላቁ የባክቴሪያ ሊቅ ከሮበርት ኮኽ ዘንድ ተማሩ።

በዚያ ዘመን ቤሪቤሪ የሚባለው በሽታ በቅኝ ግዛቱ ወታደሮችን፣ መርከበኞችንና እስረኞችን ይፈጅ ነበር። የታመመው ሰው እግሩ ይደነዝዛል፣ ይዝላል፤ አንዳንዱም ሰውነቱ አብጦ ልቡ ይደክምና ይሞታል። የሆላንድ መንግሥት ምክንያቱን እንዲመረምሩ ፔከልሃሪንግና ቪንክለር የተባሉትን ሐኪሞች በ1886 ሲልክ አይክማን አብረው ተጓዙ። ዘመኑ የተሕዋስያን ዘመን ነበርና ቡድኑ ተጠያቂው ባክቴሪያ ነው ብሎ ተመለሰ። አይክማን ግን በባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ቀርተው በጦር ሆስፒታሉ ውስጥ የተቋቋመውን ላቦራቶሪ ከ1888 ጀምሮ መሩ።

ባክቴሪያውን በዶሮዎች ላይ ሲፈልጉ አንድ ያልጠበቁት ነገር ተከሰተ። መርፌ የተወጉትም ያልተወጉትም ዶሮዎች እኩል ታመሙ፤ እግራቸው እየተብረከረከ ወደቁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ በሽታው ያለ አንዳች መድኃኒት ጠፋ። ነገሩ ሲጣራ፣ የዶሮዎቹ ጠባቂ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ከሰኔ ጀምሮ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ የበሰለ ነጭ ሩዝ ይመግባቸው እንደ ነበር ታወቀ። በኅዳር ወር የመጣው አዲስ የወጥ ቤት ኃላፊ የጦር ሠራዊት ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም ብሎ ከለከለ፤ ዶሮዎቹም ወደ ርካሹ ያልተፈተገ ሩዝ ተመልሰው ዳኑ። የአንድ ሹም ግትርነት ለሳይንስ እንዲህ የጠቀመበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

አይክማን ይህን አጋጣሚ ብለው አላለፉትም። ለዓመታት ፍትግ ሩዝ እያበሉ ዶሮዎችን አሳመሙ፤ በመፈተጊያው የሚገፈፈውን ስስ ሽፋን እየሰጡም አዳኑ። ሆኖም ሰው ዶሮ አይደለም የሚል ተቃውሞ ነበረባቸው። ስለዚህ የጃቫ የሕክምና ተቆጣጣሪ የነበሩት ፎርደርማን በ101 ወህኒ ቤቶች ወደ 280,000 የሚጠጉ እስረኞችን ቀለብ መረመሩ። ሽፋኑ ያልተገፈፈ ሩዝ በሚበላባቸው ወህኒ ቤቶች ከ10,000 እስረኛ አንድ ያህል ሲታመም፣ ፍትግ ሩዝ በሚበላባቸው ግን ከ39 አንዱ ታሞ ተገኘ። እነዚህ እስረኞች ቀለባቸውን አልመረጡም፤ የመረጠላቸው ሌላ ነው።

ይሁን እንጂ አይክማን የማስረጃውን ፍች ስተዋል። የሩዙ ስታርች በሆድ ውስጥ መርዝ ያመነጫል፣ ሽፋኑም ማርከሻው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጤናቸው ታውኮ በ1896 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሥራውን የተረከቡት ኸሪት ክራይንስ ናቸው በ1901 ትክክለኛውን መልስ የሰጡት፤ ይኸውም መርዝ የሚባል ነገር የለም፣ ለነርቭ አስፈላጊ የሆነ ነገር ከእህሉ ጎድሏል የሚል ነበር። አይክማን በዩትሬክት የጤና አጠባበቅ ፕሮፌሰር ሆነው ሳሉ ይህንኑ በኋላ ተቀበሉ። የጎደለውንም ነገር፣ ዛሬ ቫይታሚን ቢ-1 የሚባለውን፣ ያንሰንና ዶናት በ1926 በዚያው በባታቪያ ላቦራቶሪ ከሩዝ ገለፈት አጣርተው አወጡት። የ1929 የኖቤል ሽልማት ለአይክማንና ለእንግሊዛዊው ሆፕኪንስ ሲሰጥ ክራይንስ አልተካፈሉም፤ ይህም ፍርድ ጎደሎ ነው። አይክማን በሕመም ምክንያት ስቶክሆልም ድረስ መሄድ አልቻሉም፤ ኅዳር 5 ቀን 1930 ዩትሬክት ላይ አረፉ።

በስንዴም ላይ የሚሆነው ከሩዙ የተለየ አይደለም። ከ100 ኪሎ ስንዴ ወደ 70 ወይም 75 ኪሎ ነጭ ዱቄት ሲወጣ፣ ከቫይታሚን ቢ-1 ውስጥ ግን ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ከፉርሽካውና ከፅንሱ ጋር ይሄዳል። ፉርሽካው ለከብትና ለዶሮ መኖ ይሸጣል፤ በዚህ ረገድ የድሬዳዋ ዶሮ ከባለቤቷ የተሻለ ትመገባለች ቢባል ቀልድ ብቻ አይሆንም። ጤፍ በደቃቅነቱ ምክንያት ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ከዚህ ጣጣ ድኗል፤ ማሽላ ግን የሚተርፈው ሳይፈተግ ከተፈጨ ነው።

የፋብሪካው ወገንም በቂ ምክንያት አለው። በፅንሱ ውስጥ ያለው ዘይት በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ሙሉው ዱቄት እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ለወራት በመጋዘን ሊቀመጥ አይችልም፤ ነጩ ግን ይቆያል። በየሰፈሩ ባለው ወፍጮ ቤት የሚፈጨው እህል ይህ ችግር እምብዛም አይነካውም፤ እመቤቲቱ ለሳምንት የሚበቃትን ብቻ ተሸክማ ትመጣለች፣ ዱቄቱም ሳይበላሽ ያልቃልና።