ሞሪስ ስቶክስ፦ 3 ዓመት በሜዳ፣ 12 ዓመት በአልጋ

በዚህ እትም ልናስተዋውቃችሁ የፈለግነው ሰው በግቢያችን የቅርጫት ኳስ አፍቃሪዎች ዘንድ እንኳ ስሙ ብዙም አይነሳም። ስለ ጆርዳን፣ ስለ ኮቢና ስለ ለብሮን ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ ወንድሞች አሉን። ሞሪስ ስቶክስን ብንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አይፈረድባቸውም፤ ሰውየው በፕሮፌሽናል ሊግ የተጫወተው 3 የውድድር ዘመን ብቻ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስቶክስ የተወለደው ሰኔ 17 ቀን 1933 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ከፒትስበርግ ከተማ አጠገብ ባለችው ራንኪን ነው። አካባቢው የብረት ፋብሪካ ጢስ የማይለየው የሠራተኞች ሰፈር ነበር። አባቱ በብረት ፋብሪካ፣ እናቱ በሰው ቤት እየሠሩ መንትያ እህቱን ጨምሮ 4 ልጆች አሳድገዋል። በዌስቲንግሃውስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር ያሳለፈው። በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ በ1950 እና በ1951 የከተማውን ዋንጫ በተከታታይ ሲወስድ ከዋናዎቹ አንዱ ሆነ።

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስላልወሰዱት ሎሬቶ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ወደሚገኘው ሴንት ፍራንሲስ ኮሌጅ ገባ። ስሟን እንኳ የሚያውቅ ሰው ያልነበራትን ይህችን ኮሌጅ በ1955 ኒው ዮርክ ላይ በሚካሄደው ታላቅ የኮሌጆች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ አደረሳት። ቡድኑ በመጨረሻ 4ኛ ወጣ። ሆኖም የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው የአሸናፊው ቡድን ልጅ አልነበረም፤ የ4ኛው ቡድን ስቶክስ ነበር።

በዚያው ዓመት የሮቸስተር ሮያልስ ቡድን በተጫዋቾች ምርጫ 2ኛ አድርጎ ወሰደው። ጥቁር ተጫዋቾች ወደ ሊጉ መግባት ከጀመሩ ገና 5 ዓመታቸው ነበር። ስቶክስ በመጀመሪያ ጨዋታው 32 ነጥብ አስቆጥሮ 20 ሪባውንድ ሰበሰበ። በዓመቱ መጨረሻም የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በሁለተኛው ዓመት 1,256 ሪባውንድ በመሰብሰብ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ። ሪባውንድ ማለት ቅርጫቱን ስቶ የተመለሰውን ኳስ ከሌሎች ቀድሞ መንጠቅ ነው፤ ጉልበትም፣ ኳሱ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅም ይጠይቃል።

እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ሌላው ቁጥር ነው። ስቶክስ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ክብደቱም ከ100 ኪሎ በላይ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ቅርጫቱ ሥር ቆሞ መጋፋት እንጂ ኳስ ማከፋፈል አይጠበቅበትም። እሱ ግን በነዚያ 3 ዓመታት 3,492 ሪባውንድ ይዞ ከሊጉ ሁሉ 1ኛ ሲሆን፣ ለጓደኛ ጎል የሚሆን ኳስ በማቀበልም 1,062 አስመዝግቦ በቦስተኑ ቦብ ኩዚ ብቻ ነበር የተበለጠው። ኩዚ ደግሞ ኳስ ማቀበል ሥራው የሆነ ትንሽ ቁመት ያለው ተጫዋች ነው። ግዙፉ ሰው ኳስ እየነዳ ወደ ፊት ሲሮጥ የምናየው የዛሬው ጨዋታ ያኔ በስቶክስ እጅ ነበር። በ1956 ሮያልስ በምርጫው የመጀመሪያ ዕድል ደርሶት ቢል ራስልን ሳይወስድ ያለፈው አንዱ ምክንያት ሪባውንድ የሚሰበስብልን ስቶክስ አለን ብሎ እንደሆነ ይነገራል። ራስል ከቦስተን ጋር 11 ዋንጫ ወሰደ።

በ1957 ቡድኑ ወደ ሲንሲናቲ ተዛወረ። መጋቢት 12 ቀን 1958፣ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ሚኒያፖሊስ ላይ ከሌከርስ ጋር ነበር (ሌከርስ ያኔ ወደ ሎስ አንጀለስ ገና አልሄደም)። ስቶክስ ወደ ቅርጫቱ ዘልቆ ሲገባ ከተጋጣሚ ጋር ተጋጨ፤ ወደቀም። ጭንቅላቱ ከወለሉ ጋር ተላተመና ራሱን ሳተ። የሚሸተት ነገር አፍንጫው ሥር ይዘው አነቁት፤ ተነሣ፤ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ሐኪም ቤት አልተወሰደም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይህን ስንጽፍ የራሳችን ሜዳ ትዝ ብሎናል። ከዐስር በኋላ በሚደረጉት ጨዋታዎች ልጅ ሲወድቅ ውኃ አፍስሰንበት፣ ደህና ነኝ ካለ አጨብጭበን እንመልሰዋለን። አእምሮ ሲመታ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ እብጠቱ ወይም መድማቱ ቀስ ብሎ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ራሱን የሳተ ሰው ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ይህ ዛሬ የታወቀ የሕክምና ደንብ ነው። ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካስታወከ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደግሞ ክሊኒክ ይወሰዳል እንጂ ዶርም ሄደህ ተኛ አይባልም።

ከ3 ቀን በኋላ ስቶክስ ዲትሮይት ላይ ከፒስተንስ ጋር ተጫወተ። 12 ነጥብና 15 ሪባውንድ አስመዘገበ፤ ለእሱ ይህ የድካም ቀን ነበር። ወደ ሲንሲናቲ በሚመለሰው አውሮፕላን ውስጥ አመመው፤ አንቀጠቀጠው፤ ከዚያም ኮማ ውስጥ ገባ። ሲነቃ ከአንገቱ በታች የሚታዘዝለት ነገር አልነበረም፤ መናገርም አልቻለም። አእምሮው ግን ያስባል፣ ይሰማል፣ ያስታውሳል። ሐኪሞቹ ከምቱ የመጣ የአንጎል ጉዳት እንቅስቃሴን የሚያዝዘውን ክፍል እንዳበላሸው ደረሱበት። 24 ዓመቱ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሊግ ዛሬ የምናውቀው ሊግ አይደለም። ለተጫዋች የጡረታም ሆነ ይህን የመሰለ ሕክምና የሚሸፍን የመድን ዋስትና አልነበረውም። የሆስፒታሉ ወጪ በዓመት ወደ 100,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ያጠራቀማት ገንዘብ ሲንሲናቲ ባንክ ውስጥ ብትኖርም እሱ መፈረም አይችልም፤ ወላጆቹም ፒትስበርግ ናቸው።

በዚህ መካከል ጃክ ትዋይማን የሚባል የቡድን ጓደኛው ተነሣ። ትዋይማን ነጭ ነው፤ ስቶክስ ጥቁር። ሁለቱም የፒትስበርግ አካባቢ ልጆች ከመሆናቸውና በ1955 አብረው ወደ ቡድኑ ከመግባታቸው በቀር የተለየ ቅርበት አልነበራቸውም። የዘር መለያየቱ በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ በሚታይበት በዚያ አገር የ23 ዓመቱ ወጣት ፍርድ ቤት ሄዶ የጓደኛው ሕጋዊ ሞግዚት ሆነ። እኛ በቋንቋችን አማና የምንለው ነው። ለአንድ ሳምንት አልነበረም፤ 12 ዓመት ቆየበት።

ትዋይማን ከጨዋታ ውጭ በመድን ድርጅት ስለሚሠራ ሰነድ ማገላበጥ ያውቅ ነበር። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ለኳስ ተጫዋችም ይገባል ብሎ በኦሃዮ ግዛት ተከራከረና ረታ። ያ ግን አልበቃም። ስለዚህ ከ1958 ጀምሮ በየዓመቱ በጋ ላይ በኒው ዮርክ ካትስኪል ተራሮች በሚገኘው የኩትሸር ሆቴል የእርዳታ ጨዋታ አዘጋጀ። ዊልት ቻምበርሊንን የመሳሰሉ ኮከቦች ክፍያ ሳይጠይቁ መጥተው ተጫወቱ።

መጀመሪያ የሚግባቡት በዓይን ነበር። ትዋይማን ፊደላቱን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ስቶክስ የፈለገው ፊደል ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚፈጀውን ጊዜ አስቡት። ከዓመታት ልፋት በኋላ ስቶክስ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ በታይፕ መጻፍም ቻለ። በታይፕ የጻፈው የመጀመሪያ ነገር ለትዋይማን ምስጋና እንደነበር ይነገራል። በኋላም ሥዕል ይሥል ነበር፤ ጥቂትም ይናገር ነበር። ነርሶቹና እንግዶቹ ከሚያስታውሱት ነገር ዋናው ቀልድ ወዳጅነቱ ነው።

ትዋይማን ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጨዋታውን አላቆመም። በ1959-60 በአማካይ በየጨዋታው ከ31 ነጥብ በላይ አስቆጥሯል፤ በአንድ ምሽት ብቻ 59። ጫማውን የሰቀለው በ1966 ነው። ተጫዋቾቹም በ1964 ቦስተን ላይ ለከዋክብት ጨዋታ ተሰብስበው ሳለ የጡረታ ነገር ቃል ካልተገባልን ሜዳ አንገባም ብለው ከመልበሻ ክፍል አንወጣም አሉ፤ ጨዋታው ዘገየ፤ የፈለጉትንም አገኙ። አልጋ ላይ የቀረውን ባልደረባቸውን የማያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ አይመስለንም።

ሞሪስ ስቶክስ በልብ ሕመም ሚያዝያ 6 ቀን 1970 በ36 ዓመቱ አረፈ። በራሱ ፈቃድ የተቀበረው ዝና ባገኘበት ከተማ ሳይሆን በተማረባት ሎሬቶ፣ በኮሌጁ ግቢ ነው።

የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ትዋይማንን በ1983 ተቀበለ። ስቶክስን የተቀበለው በ2004 ነው፤ መጨረሻ ሜዳ ከገባ ከ46 ዓመት በኋላ። በእሱ ፈንታ መድረክ ላይ ወጥቶ ክብሩን የተረከበው የ70 ዓመቱ ትዋይማን ነበር። እሱም በ2012 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሊጉ ለምርጥ የቡድን ጓደኛ በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት በሁለቱ ስም ይጠራል፤ ድምፅ የሚሰጡትም ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው።