አቡነ ያዕቆብና የሹመት ጣጣ

ጳጳስ የሚሾመው ማነው? ቤተ ክህነት ወይስ ቤተ መንግሥት? ዛሬ ይህ ጥያቄ ያንገላታቸውን ሰው እናነሳለን።

ጁስቲኖ ደ ያዕቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ ተወለዱ። በ1839 ዓድዋ ሲገቡ መጀመሪያ የያዙት ቋንቋ መማር ነበር። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ እንዲያመጡ የላኳቸውን መልእክተኞች አጅበው ካይሮ ወረዱ። የመጡት አቡነ ሰላማ ግን ኋላ ብርቱ ባላጋራቸው ሆኑ።

በ1849 አባ ማስያስ ምፅዋ ላይ በምሥጢር ጵጵስና ቀቧቸው። ታዲያ ባንድ አገር ሁለት አቡን! ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ለመንገሥ የአቡነ ሰላማ ቅባት ያስፈልጋቸዋል፤ አቡኑ ደግሞ ካቶሊኮቹ ይውጡልኝ አሉ። ተስማሙ። በ1854 አቡነ ያዕቆብ ጎንደር ታሰሩ፤ ቀጥሎም ተባረሩ። ካይሮ አብረዋቸው የወረዱት ሊቁ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በእስር እንዳሉ ሞቱ። እሳቸውም በ1860 መንገድ ላይ አረፉ፤ ሄቦ ተቀበሩ። በ1975 ሮም ቅዱስ አለቻቸው።

አባ ማስያስ ካፑቺን ነበሩ፤ ኋላ ወላይታ የመጡትም ካፑቺኖች የዚያው ማኅበር ሰዎች ናቸው።

ጳጳስ ያደረጋቸው የሮም ደብዳቤ ነው፤ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው ግን በቋንቋውና በሥርዓቱ ስለኖሩ ነው። እኛም የምደባ ደብዳቤ ይዘን ከሶዶ ስንወጣ ይህን አንርሳ።