ሥዕሉን ለማጥራት የደከመ ሰው፤ የጆን ሎጊ ቤርድ የሕይወት ታሪክ

በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል ተሰብስበን የእግር ኳስ ጨዋታ ስንመለከት የቴሌቪዥኑ ሥዕል በድንገት የተበላሸ እንደሆነ ከመካከላችን ሦስት ዓይነት ሰው ይነሣል። አንደኛው መሣሪያውን በጥፊ ይመታል። ሁለተኛው ዲሹን ለማዞር ጣራ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና ዕቃው ከመጀመሪያውም ለዚህ አልተሠራም ብሎ ይፈርዳል። ጉድለቱ ከላኪው ነውን፣ ከመንገዱ ነውን፣ ወይስ ከተቀባዩ ነውን ብሎ በትዕግሥት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረ አንድ ስኮትላንዳዊ ነበረ። ታሪኩን ለጓደኞቻችን ማቅረብ የፈለግነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች ትጋት ይዞ ሳለ በመጨረሻ የሦስተኛው ሰው ፍርድ ስለደረሰበት ነው። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሎጊ ቤርድ በኦገስት 13 ቀን 1888 ሄለንስበርግ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ እርሱም ለአራት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰውነቱ ደካማ ስለነበረ ብርድና ሳል አይለዩትም ነበር። እጁ ግን ሥራ አይፈታም፤ ገና ልጅ ሳለ ሽቦ ዘርግቶ ቤቱን ከጓደኞቹ ቤት ጋር በስልክ አገናኝቶ ነበር። በግላስጎው የቴክኒክ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ ዩኒቨርስቲው ገባ፤ ነገር ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለደረሰ ትምህርቱን ሳይፈጽም ቀረ። ለውትድርና ቢቀርብም ስለ ጤናው ሳይቀበሉት ቀሩ፤ በአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያም ተቀጥሮ ሠራ። ከዚያም ንግድ ሞከረ። ካልሲ ሸጠ፤ ወደ ትሪኒዳድ ደሴት ተሻግሮ ማርማላታ ለማምረት ደከመ፤ ወደ ሎንዶን ተመልሶ ሳሙና ነገደ። ሕመሙ ግን አንዱንም በወጉ አላስፈጸመውም። በ1923 ሥራ የሌለውና ገንዘቡ የመነመነ ሰው ሆኖ ጤናውን ለመጠበቅ ሄስቲንግስ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወረደ። ሥዕልን በሩቅ የማሳየትን ነገር የሙጥኝ ብሎ የያዘው በዚያ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ፓውል ኒፕኮቭ የሚባል ጀርመናዊ ገና ተማሪ ሳለ ዘዴውን አስቦ በ1884 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር። ይኸውም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠማዘዘ መስመር ቀዳዳዎች የተበሱበት ዝርግ ክብ ዲስክ ነው። ዲስኩ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቀዳዳ ከሚታየው ነገር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይቃኛል፤ አንድ ዙር ሲፈጸም አንድ ሥዕል ይሞላል። ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሴል ድምቀቱን ወደ ምልክት ይለውጠዋል። በተቀባዩ ዘንድ ደግሞ ሌላ ዲስክ በእኩል ፍጥነት እየዞረ መስመሮቹን መልሶ ይደረድራል። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር፤ ወደ ሥራ የለወጠው ሰው ግን አልነበረም።

ቤርድ መሣሪያውን የሠራው በባርኔጣ ካርቶን፣ በሻይ ቅጠል ሣጥን፣ በመርፌ፣ በብስክሌት መብራት መስተዋትና በማኅተም ሰም ነው። በ1924 የነገሮችን ጥላ ለማሳየት ቻለ። በዚያው ዓመት ከፍተኛ ኤሌክትሪክ መትቶ ስለጣለው የቤቱ ባለቤት እንዲለቅ ጠየቁት፤ እርሱም ዕቃውን ጠቅልሎ ሎንዶን ገባ። በማርች 1925 በአንድ ታላቅ የሎንዶን መደብር ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ለገበያተኛው አሳየ፤ ሕዝቡም የሚርገበገብ ጥላ አየ። ፊት ግን ገና አልታየም።

የጉድለት ፍለጋው ከዚህ ይጀምራል። ፊት ሲቀርብ በመስታወቱ ላይ አንድ ነጭ ድብልብል ነገር ብቻ ነበር የሚታየው። ሴሉ ብርሃኑ ሲለዋወጥ ፈጥኖ አይከተልም፤ ከፊት የሚመለሰውም ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤርድ አንድ ወገን ብርሃኑን አበረታ፤ ሌላ ወገን የሴሉን መዘግየት በማጉያው በኩል ለማካካስ መላ ፈለገ። ከብርሃኑ የሚወጣው ሙቀት ለሰው የማይቻል ስለነበረ በመብራቱ ፊት የሚያስቀምጠው አሻንጉሊት ነበር። በኦክቶበር 2 ቀን 1925 ያ ነጭ ድብልብል ጠፍቶ የአሻንጉሊቱ ፊት ከነዓይኑና ከነአፍንጫው፣ ብርሃንና ጥላው ተለይቶ ታየ። ሥዕሉ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበሩት።

ቤርድ በደስታ ወደ ታች ሮጦ በሕንፃው ውስጥ ተላላኪ የነበረ ዊልያም ቴይንተን የሚባል ወጣት ይዞ መጣና ከመብራቱ ፊት አስቀመጠው። ከዚያም ወደ ተቀባዩ ክፍል ሄዶ ቢመለከት ምንም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያውን ይፈታታ ነበር። ቤርድ ግን መጀመሪያ ተመልሶ ላኪውን አየ፤ ልጁ ከሙቀቱና ከብርሃኑ ፈርቶ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር! ሁለት ተኩል ሽልንግ ተሰጠው፤ ወደ ቦታውም ተመለሰ፤ ሥዕሉም መጣ። በጥፊ ለሚመታው ጓደኛችን ከዚህ የተሻለ ትምህርት አናገኝለትም።

በጃንዋሪ 26 ቀን 1926 ቤርድ በሶሆ ሠፈር ባለው ክፍሉ ለሮያል ኢንስቲትዩሽን አባሎች ፈጠራውን አሳየ። ከዚያ በኋላ ዝናው ቸኮለ። በ1927 ከሎንዶን እስከ ግላስጎው 700 ኪሎ ሜትር በሚያህል የስልክ መስመር ሥዕል ላከ፤ በ1928 አትላንቲክን አሻግሮ ወደ አሜሪካ ላከ፤ በዚያው ዓመት ባለ ቀለም ሥዕል አሳየ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1929 ከቢቢሲ ማሠራጫ የሙከራ ስርጭት ጀመረ። ማሠራጫው አንድ ብቻ ስለነበረ በመጀመሪያ ሥዕሉና ድምፁ በየተራ ይተላለፉ ነበር፤ በማርች 1930 ግን አብረው ተሰሙና ታዩ።

መሣሪያውን ገዝቶ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ እኛ ከምናውቀው የበለጠ ድካም ነበረበት። ሥዕሉ ጠባብና ቁመቱ የረዘመ፣ መልኩ ወደ ብርቱካን ቀለም ያዘነበለ፣ በሰከንድ 12 ተኩል ጊዜ ብቻ የሚታደስ ስለሆነ ሳያቋርጥ የሚርገበገብ ነበር። ዲስኩ በደቂቃ 750 ጊዜ መዞር አለበት። ከላኪው ዲስክ ጥቂት የፈጠነ ወይም የዘገየ እንደሆነ ሥዕሉ ይንሸራተታል። ፍጥነቱ ልክ ሆኖ መነሻው የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ ሥዕሉ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። ስለዚህ ተመልካቹ እጁን ከማዞሪያው ሳይለይ ይቀመጥ ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን መነሻቸው የታወቀ፣ በእጅ የሚቃኑ ጉድለቶች ነበሩ።

በእጅ የማይቃና አንድ ነገር ነበረ። ሥዕሉን ለማጥራት መስመሮቹን ማብዛት ያስፈልጋል፤ መስመሮቹ ሲበዙ ደግሞ የምልክቱ መንገድ መስፋት አለበት። በዚያን ጊዜ ለሬዲዮ በተመደበው ጠባብ ሞገድ ውስጥ ከ30 መስመር እምብዛም የሚበልጥ አይገባም ነበር። ሞገዱ ሲሰፋም የሚሽከረከር ብረት እንደ ኤሌክትሮን ሊፈጥን አይችልም። ካምቤል ስዊንተን የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ገና በ1908 በላኪውም በተቀባዩም ዘንድ በካቶድ ጨረር መሥራት እንደሚሻል ጽፎ ነበር። መንገዱ ተጠቁሞ ነበር ማለት ነው፤ ቤርድ ግን በላኪው በኩል ከዲስኩ ለመለየት ዘገየ።

በኖቬምበር 2 ቀን 1936 ቢቢሲ ከአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት አዘውትሮ ማሠራጨት ሲጀምር የቤርድ ኩባንያና ማርኮኒ ኢ ኤም አይ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ተወዳደሩ። የቤርድ ሥዕል 240 መስመሮች፣ የተወዳዳሪው 405 መስመሮች ነበሩት። የቤርድ ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ትርኢቱን በፊልም አንሥቶ፣ ፊልሙን እዚያው በአንድ ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ገና ሳይደርቅ መቃኘት ነበር። ካሜራውም ከቦታው አይንቀሳቀስም። የተወዳዳሪው የኤሌክትሮን ካሜራ ግን ወዲያና ወዲህ ይዞር ነበር። በዚህ ላይ በኖቬምበር 30 ሌሊት ክሪስታል ፓላስ ሲቃጠል ኩባንያው በዚያ የነበረውን ብዙ ዕቃ አጣ። በ1937 መጀመሪያ የቤርድ ዘዴ ተተወ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ቤርድ የተሸነፈው በስንፍና አይደለም። ጉድለትን አንድ በአንድ የማቃናት ትጋቱ ራሱ፣ ጉድለቱ በዘዴው ሥር እንዳለ እንዳያይ ጋረደው እንላለን። የተቃና ነገር ሁሉ ተስፋ ይሰጣልና፤ ተስፋውም ዓመታትን ይበላል። እኛም የጀመርነውን የትምህርት ዘርፍ ወይም የያዝነውን አሳብ ምን ያህል እየጠገንን እንደምንኖር፣ መቼስ ከሥሩ መለወጥ እንዳለብን የምንለይበት ሚዛን ያስፈልገናል።

ይሁን እንጂ የቤርድ ታሪክ በሽንፈት አያልቅም። ጦርነቱ በ1939 ሲነሣ ስርጭቱ ተቋረጠ፤ ኩባንያውም ወደቀ። እርሱ ግን በራሱ ገንዘብ፣ በሎንዶን ቤቱ አጠገብ ምርምሩን ቀጠለ። በኦገስት 1944 ያሳየው ቴሌክሮም የተባለው ፈጠራ የሚሽከረከር ነገር የሌለበት፣ በኤሌክትሮን የሚሠራ ባለ ቀለም የሥዕል ቱቦ ነበር። የተሸነፈበትን መንገድ ትቶ ባሸነፉት ሰዎች መንገድ ገባ፤ በዚያም ላይ ከብዙዎች ቀደመ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁን 14 ቀን 1946፣ የቢቢሲ ቴሌቪዥን እንደገና ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ በ57 ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም በተወለደባት ከተማ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ቤርድ በ1927 እና በ1928 የ30 መስመሩን ምልክት በሸክላ ላይ ቀርጾ ነበር፤ ነገር ግን ጉድለቱ ስለበዛ በሕይወት ሳለ ከሸክላው በወጉ የሚታይ ሥዕል ሊያወጣ አልቻለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እነዚያ ሸክላዎች በኮምፒዩተር ተመረመሩ፤ የዲስኩ ፍጥነት መዛባትና የቀረጻው ስሕተት ከየት እንደመጡ ተለይተው ታረሙ፤ የሰዎቹ ፊትም ወጣ። ሥዕሉ ስድሳ ዓመት ያህል በዚያ ነበረ፤ ያጣው ጉድለቱን ከምንጩ የሚፈልግለት ሰው ነበር። እንግዲህ በሚቀጥለው ጨዋታ ሥዕሉ ሲበላሽ፣ ከመምታታችንም ከመፍረዳችንም በፊት፣ ከላኪው ነውን፣ ከመንገዱ ነውን፣ ወይስ ከተቀባዩ ነውን ብለን እንጠይቅ።