ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የብራችን ዋጋ

በዚህ ዘመን በመኝታ ቤታችንም ሆነ በምግብ አዳራሻችን ክርክር የማያጣው ነገር የዶላር ዋጋ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለሱ የሚማሩ ጓደኞቻችን ነገሩን ከመጽሐፍ አስቀድመው በታክሲ ሒሳብ ያውቁታል፤ ነዳጁ ሁሉ ከባሕር ማዶ በዶላር የሚገዛ ነውና። ጥፋቱን አንዱ በባንክ፣ ሌላው በነጋዴ፣ ሦስተኛው በአበዳሪ መንግሥታት ላይ ይጥላል። እኛም ለዚህ ክርክር ይረዳል በማለት፣ ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በጉምሩክ በር ላይ ቆመው የመረመሩትን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሕይወት ባጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩና በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በመተማ ጦርነት ሞቱ። ወዲያው ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሩን መታው። ሕፃኑ ገብረ ሕይወትም ወደ ኤርትራ ተሰደው በምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በምጽዋ ወደብ ከቆመች መርከብ ላይ ተሳፍረው አውሮፓ ደረሱ፤ አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደጋቸው። የጀርመንን ቋንቋ አጥንተው በበርሊን ሕክምና ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከታመሙ በኋላ በተነሣው የቤተ መንግሥት ውዝግብ ግን ከአገር ወጥተው በሱዳን ቆዩ። በ1904 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በአሥመራ ታተመ። በልጅ ኢያሱ ዘመን የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ሕክምና የተማረ ሰው ጉምሩክ ላይ ሲሾም የሚገርመው አይጠፋም። ነገር ግን የታመመውን አካል ትቶ የታመመውን ንግድ መመርመር ለሐኪም እንግዳ ሥራ አልነበረም ብንል አንሳሳትም።

ድሬ ዳዋ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ የንግድ በር ነበረች። ባቡሩ ድሬ ዳዋ በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ደረሰ። ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙና የዝሆን ጥርሱ በዚያ በኩል ይወጣል፤ አቡጀዲው፣ ጠመንጃውና መስተዋቱ በዚያው ይገባል። በነጋድራስ መዝገብ ላይ በአንድ ወገን የወጣው፣ በሌላው ወገን የገባው ይጻፋል። ዛሬ በኢኮኖሚክስ ክፍል የክፍያ ሚዛን ብለን የምንማረው ነገር ሥሩ ይህ ነው። አገር ለውጭ የሸጠው ከውጭ ከገዛው ሲበልጥ ትርፉ በገንዘብ ይገባል፤ ሲያንስ ጉድለቱ በገንዘብ ይወጣል፣ ወይም በብድርና በስጦታ ይሞላል።

ገንዘቡስ ምን ነበር? ሕዝቡ የሚያምነው ጠገራው የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያሠሩት ብር በ1887 ዓ.ም. ቢወጣም ጠገራውን ከገበያ ሊያስለቅቀው አልቻለም። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ገንዘብ ሲመነዘር ዋጋውን የሚወስነው በሎንዶን ገበያ የብር ማዕድን የሚሸጥበት ዋጋ ነበር። ከ1865 ዓ.ም. እስከ 1895 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የብር ማዕድን ዋጋ ከግማሽ በላይ ወረደ። ብር ሲረክስ ቡና ላኪው ለአንድ ፓውንድ ብዙ ጠገራ ያገኛል፤ አቡጀዲ የሚገዛው ባላገር ግን ብዙ ጠገራ ይከፍላል። ብር ሲወደድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ የብር ዋጋ ወጣ፣ ጠገራውን የምትሠራው ኦስትሪያም በጦርነት ተከብባ አዲስ ገንዘብ መምጣቱ ተቋረጠ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሹም አንድም ነገር ሳያደርግ የአገሩ ገንዘብ ወጣ፣ ወረደ ማለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ቀረጥ ነው። ከውጭ የሚገባው ሲበዛ ቀረጥ ከፍ አድርጎ የአገር ሠራተኛን መርዳት ይቻላል። ነገር ግን በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል የገቢውን ዕቃ ቀረጥ ከ100 በ10 ላይ አቆመው። እንግዲህ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በጉምሩክ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ምንዛሪው በሎንዶን፣ ቀረጡ በውል ታስሮ ነበር።

እሳቸው ግን በዚህ ብቻ አላለቀሱም። ምርመራቸው ከገንዘቡ ኋላ ወዳለው ነገር አለፈ። ገንዘብ መለዋወጫ እንጂ ራሱ ሀብት አይደለም፤ ሀብት የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራ ፍሬ የሚሰጠው ደግሞ በዕውቀት ልክ ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በገበያ ሲገናኙ፣ ሚዛኑ ሳይሰረቅ፣ ማንም ማንንም ሳያታልል፣ አንደኛው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ሰዓት ሥራ ይወስዳል። ባላገሩ ወራት የደከመበትን ቡናና ቆዳ ጭኖ ሄዶ መኪና በአንድ ቀን የሸመነችውን ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ባቡር ቢዘረጋ የንግዱ ፍጥነት ይጨምራል እንጂ አገሩ በራሱ አይለማም። ከ1942 ዓ.ም. ወዲህ ፕሬቢሽና ሲንገር የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ስለ ጥሬ ዕቃና ስለ ፋብሪካ ዕቃ ልውውጥ የጻፉት በዓለም ሲነገር፣ የእኛው ነጋድራስ በአማርኛ በዚያው መንገድ ላይ ቀድመው መጓዛቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ዋና መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በወዳጃቸው በጳውሎስ መናመኖ አማካይነት ታተመ። ዕድሜያቸውን ልብ እንበል፤ ከእኛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በአሥር ዓመት ገደማ ብቻ የሚበልጡ ነበሩ።

አሁን የነጋድራስን ሚዛን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ እንምጣ። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና በወለጋ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ያሉ በሮች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው የጅቡቲ ባቡር መነሻው ሰበታ ነው። መሥሪያው ገንዘብ አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ፣ ከተሳፋሪ የሚሰበሰበው ግን በብር። በሰበታ አካባቢ አበባ ተዘርቶ ለአውሮፓ ይሸጣል፤ ዶላር ያመጣል፣ ማዳበሪያውና የቤቱ ላስቲክ ግን ዶላር ይወስዳል። በሱሉልታ ውሃ ይታሸጋል፤ ውሃው የገዛ ተራራችን ነው፣ የጠርሙሱ ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ግን ከባሕር ማዶ ይመጣል። በቡራዩ በኩል የወለጋ ቡና ጭነት ያልፋል፤ አብዛኛው ሳይቆላ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ የመቁላቱና የማሸጉ ትርፍ ለሌላው ይቀራል። እነዚህን በሮች የሚያይ ሰው የአገሪቱን የክፍያ ሚዛን በዓይኑ ያያል።

ነጋድራስ ያጡት መሣሪያ ለእኛ ተሰጥቶናል። ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችን ገንዘብ አለን። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በኋላም ከ1965 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ቆየ፤ ከዚያም 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ።

በዚህ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ሁለት ነገር መከራከር አለብን። አንደኛ፣ ምንዛሪ ምንም አይደለም የሚል ይሳሳታል። ብር ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ታስሮ ሲቆይ ላኪው ይከስራል፣ የባንኩ መስኮት ይደርቃል፣ ዶላሩ ወደ ጥቁር ገበያ ይሸሻል። ሁለተኛ፣ የምንዛሪውን ዋጋ መለወጥ ብቻውን መድኃኒት ነው የሚልም ይሳሳታል። ብር ሲረክስ ላኪው የሚጠቀመው ተጨማሪ የሚልከው ዕቃ ሲኖረው ነው፤ ከሌለው ግን ዋጋውን የሚከፍለው ነዳጅ፣ ዘይትና መድኃኒት የሚገዛው ድኻ ነው። ምንዛሪ እንደ ቴርሞሜትር ትኩሳቱን ያሳያል፤ የተሰበረ ቴርሞሜትር ሐኪሙን ያሳስታል፤ ደኅናው ቢሆንም በሽታውን አያድንም።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛው ይመለሳል። የጠርሙሱን ፕላስቲክ የሚሠራው፣ ቡናውን ቆልቶ ለውጭ ገበያ የሚያበቃው፣ የባቡሩን መለዋወጫ የሚቀርጸው ማን ነው? በዚህ ግቢ የኬሚስትሪ፣ የእርሻና የመሐንዲስነት ትምህርት የሚማረው ተማሪ ስለ ምንዛሪ የኢኮኖሚክስ ተማሪው ብቻ ይጨነቅ ማለት አይገባውም፤ በነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሚዛን የብር ክብደት የሚለካው በእሱም ዕውቀት ነውና። መጽሐፉ በአማርኛ የተጻፈና ብዙ ገጽ የሌለው ነው፤ ከፈተና በፊት እንኳ አንድ እሑድ ይበቃዋል።