ሐኪም ወርቅነህና የጣና ግድብ

በቅርቡ ለተዕዚያ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ በተቀመጥንበት ቤት ወሬው ወደ ዐባይ ዞረና አንድ አዛውንት ወንዙን ለመገደብ መጀመሪያ ያሰበው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

ቀድሞ የመጣልኝ የኢብኑል ሀይሠም ስም ነው። የበስራው ሊቅ ከ1,000 ዓመት በፊት የናይልን ሙላት እገታለሁ ብሎ ካይሮ ገብቶ፣ ወደ አስዋን ወጥቶ ቦታውን ባየ ጊዜ እንደማይሆን አምኖ መመለሱን የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ሊገታው የሄደው ሙላት በአብዛኛው ይኸው ጎጃምን ከቦ የሚወርደው ውሃ ነው። ከእኛ አገር ሰዎች ግን ያወራሁላቸው ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበር።

ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በ1868 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። በግርግሩ ከወገኖቻቸው የተለዩትን ልጅ የእንግሊዝ መኮንን አንስቶ ህንድ ወሰዳቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በበርማም በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሠሩ። አማርኛውን ረስተውታል። የዓድዋ ድል ከተሰማ በኋላ ግን ወደ አገራቸው መጡ፤ አያታቸውም በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው አወቋቸው።

ጣና ያን ጊዜ የባዕዳን ዓይን ያረፈበት ሐይቅ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የጣናንና የዐባይን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ተስማምተዋል። በ1903 ዱፑይ የተባለ የመስኖ መሐንዲስ ሐይቁን አጠና፤ በ1920 እና 1921 ደግሞ ግራብሃምና ብላክ መጡ። የሚስብ ነገር ነበረው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ መውጫው ላይ ውሃውን በአንድ ሜትር ብቻ ከፍ ማድረግ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ያጠራቅማል። ትልቅ ግንብ አያሻም። ያ አንድ ሜትር ግን የፎገራንና የደንቢያን ዳርቻ እርሻ ይበላል። መሐንዲሶቹ ሙያቸውን አያውቁም አልልም፤ የተላኩት ግን ታች ላለው የጥጥ እርሻ የሚሆን ውሃ ሊቆጥሩ ነው። የዳርቻውን ገበሬ ማን ይቁጠርለት?

በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን ባለቤቱን ሳይጠይቁ በጣና ጉዳይ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህን ወደ ኒው ዮርክ ላኩ። እንግሊዝ ያሳደገቻቸው ሰው የእንግሊዝን መዳፍ ለማስለቀቅ ውቅያኖስ ተሻገሩ! ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ግድብ ሊሠራ ነው የሚለው ዜና ሲወጣ ለንደን ደነገጠች። በዚያው ጉዟቸው ሐርለም ገብተው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘዋል። ይህ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።

ወርቅነህን የዋህ የሚላቸው ይኖር ይሆናል፤ ውሉ እያለ ኩባንያ መፈለግ ምን ይረባል ብሎ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ኢትዮጵያ ራሷ ያመጣችው መሐንዲስ ጥናቱን ከያዘ፣ በድርድሩ ላይ የሌላውን ወረቀት ብቻ እያነበበች አትቀመጥም።

የኋይት ሰዎች በ1930 ሐይቁን ማጥናት ጀመሩ። ያን ጊዜ ጎጃምን ከደብረ ማርቆስ ሆነው የሚገዙት ራስ ኃይሉ ነበሩ። በ1933 አዲስ አበባ ላይ ስለ ግድቡ ንግግር ተደረገ። በጥቅምት 1935 የጣሊያን ወረራ መጣና ሁሉም ተቋረጠ። ወርቅነህ በዚያ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1937 በጣሊያኖች ተገደሉ። እሳቸው በ1952 አረፉ።

የጣና መውጫ በር የተገጠመለት በ1996 ነው፤ ጨረጨራ ይባላል። በ2003 ደግሞ የሐይቁ ውሃ ክፉኛ ወርዶ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ፣ የዚህንስ ሜትር የቆጠረው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።