ከመሪነት ወደ ረዳት ተዋናይነት፦ የላዮነል ባሪሞር የሙያ ሕይወት

መግቢያ

በቴአትርና በፊልም ታሪክ ጥናት ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው መሪ ተዋናይ ነው። ረዳት ተዋናይ ስሙ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከመሪው ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ ለመሪነት ያልበቃ ወይም ከመሪነት የወረደ ሰው ተደርጎ የሚታይበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። የአሜሪካዊው ተዋናይ የላዮነል ባሪሞር (1878–1954) ሕይወት ይህን አመለካከት ለመመርመር ያመቻል። ባሪሞር የተወለደው በአገሩ ስመ ጥር ከነበሩት የቴአትር ቤተሰቦች በአንዱ ውስጥ ነው፤ በኒው ዮርክ መድረክ በመሪ ተዋናይነት ተጨብጭቦለታል፤ በመሪነት በቀረበበት ታላቅ ተውኔትም ክፉኛ ወድቋል። ዛሬ የሚታወሰው ግን በሌሎች ሰዎች ታሪክ ውስጥ ገብቶ በተጫወታቸው ሽማግሌዎች ነው። ይህ ጽሑፍ የሥራ ሕይወቱን ደረጃ በደረጃ በመከተል፣ ረዳት ተዋናይነቱ የውድቀት ማረፊያ ሳይሆን ከቤተሰቡ ከወረሰው ሙያ የመነጨ፣ ራሱን የቻለ የጥበብ መንገድ እንደነበር ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የአያት ቴአትር ቤት

ላዮነል ኤፕሪል 28 ቀን 1878 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሞሪስ ባሪሞር በሕንድ አገር አግራ ከተማ ከእንግሊዛውያን ወላጆች የተወለደ፣ ትክክለኛ ስሙ ኸርበርት ብላይዝ የሆነ፣ በመልከ መልካምነቱ የታወቀ መሪ ተዋናይ ነበር። እናቱ ጆርጂያና ድሩ በኮሜዲ ተውኔቶች ተወዳጅነትን ያተረፈች ተዋናይት ስትሆን፣ የእናቱ ወንድም ጆን ድሩም በኒው ዮርክ ከታወቁት መሪ ተዋንያን አንዱ ነበር። እህቱ ኤቴል በ1879፣ ወንድሙ ጆን በ1882 ተወለዱ፤ ሁለቱም ከጊዜ በኋላ በመሪ ተዋናይነት ስማቸው ገነነ።

የቤተሰቡ ምሰሶ ግን አያቲቱ ሉዊዛ ሌን ድሩ ነበረች። ሉዊዛ የፊላደልፊያውን አርች ስትሪት ቴአትር ከ1861 ጀምሮ ለ31 ዓመታት አስተዳድራለች። ሴት የቴአትር ቤት ኃላፊ መሆኗ እምብዛም ባልተለመደበት ዘመን ተውኔት የምትመርጥ፣ ተዋንያን የምትቀጥርና የምታሠለጥን፣ ራሷም መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ነበረች። ወላጆቻቸው በየከተማው እየተዘዋወሩ ሲሠሩ ሦስቱ ልጆች በአብዛኛው ያደጉት በእርሷ ቤት ነው።

ይህ አስተዳደግ ለላዮነል የኋላ ሥራ ትርጉም አለው። በዚያ ዘመን ቴአትር ቤቶች ቋሚ የተዋንያን ቡድን ነበራቸው። ያው ተዋናይ ዛሬ ባላባት፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሽከር፣ ከዚያም ሽማግሌ ሆኖ ይቀርባል። እንዲህ ባለው አሠራር የተዋናይ ሀብቱ የፊቱ ውበት ሳይሆን ድምፁን፣ አረማመዱንና ዕድሜውን እንደ ገፀ ባሕርዩ የመለዋወጥ ችሎታው ነው። ጆን የአባቱን ውበትና መሪነት ሲወርስ፣ ላዮነል የወረሰው ይህን የአያቱን ቤት ጥበብ ነበር ማለት ይቻላል።

ውርሱ ግን በቀላሉ አልተገኘም። በ1893 እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ላዮነል ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። በዚያው ጊዜ አያቱ በሪቻርድ ሸሪዳን «ዘ ራይቨልስ» (ተቀናቃኞቹ) በተሰኘው ኮሜዲ ውስጥ አነስተኛ ሚና ሰጠችው። አጨዋወቱ ደካማ ስለነበር ራሷ ከሚናው አነሣችው። የወደፊቱ አንጋፋ ተዋናይ ሥራውን የጀመረው በገዛ አያቱ ከመድረክ በመውረድ ነው።

ሽሽትና ምላሽ

ላዮነል መሆን የፈለገው ሠዓሊ ነበር። በኒው ዮርክ የሥዕል ትምህርት ተከታትሏል፤ ትወናን የሚመለከተውም እንጀራ እንደሚያስገኝ የቤተሰብ ሥራ እንጂ እንደ ጥሪው አልነበረም። ይሁንና በ1902 አጎቱ ጆን ድሩ በመሪነት በተጫወተበት አንድ ተውኔት ውስጥ፣ በየጎዳናው የሙዚቃ ሣጥን እያዞረ የሚኖር ጣልያናዊ ሆኖ ቀረበ። ሚናው አነስተኛ ነበር፤ የሃያሲያን ዓይን ግን ከመሪው አጎት ይልቅ በወንድም ሚናው በያዘው ወጣት የእህት ልጅ ላይ አረፈ። የመጀመሪያው እውነተኛ ስኬቱ የተገኘው በረዳት ተዋናይነት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በ1904 እርሷም ከቴአትር ቤተሰብ የወጣችውን ዶሪስ ራንኪንን አገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባልና ሚስቱ ሥዕል ለመማር ወደ ፓሪስ ተጓዙ፤ የኑሯቸውን ወጪ በመሸፈን ትልቁን ድርሻ የያዘችው በዚያን ጊዜ ዝነኛ የነበረችው እህቱ ኤቴል ነበረች። ሥዕሉ ግን መተዳደሪያ ሊሆን አልቻለም። ሁለት ሴት ልጆች ወልደው ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ከጥቂት ዓመታት የፓሪስ ቆይታ በኋላ ላዮነል ወደ አሜሪካና ወደሸሸው ሙያ ተመለሰ።

ሲመለስ ከመድረክ ጎን አዲስ በር ተከፍቶ አገኘው። የመድረክ ሰዎች ፊልምን በሚንቁበት በዚያ ወቅት በባዮግራፍ ኩባንያ በአዘጋጁ ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ሥር መሥራት ጀመረ። በ1912 በወጣው «ዘ ኒው ዮርክ ሃት» (የኒው ዮርኩ ባርኔጣ) በተሰኘው አጭር ፊልም ከሜሪ ፒክፎርድ ጋር፣ ስሙ በሐሜት የሚነሣ ቄስ ሆኖ ይታያል። ድምፅ አልባው ፊልም ለመድረክ የተገራውን ተዋናይ ትንሽ የፊት እንቅስቃሴ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበር።

የመሪነት ከፍታና ውድቀት

ከ1917 እስከ 1921 ያሉት ዓመታት ላዮነል በኒው ዮርክ መድረክ የገነነባቸው ናቸው። በ1917 ከወንድሙ ጋር «ፒተር ኢቤትሰን» በተባለው ተውኔት ቀረበ። በ1918 በኦገስተስ ቶማስ «ዘ ኮፐርኸድ» ውስጥ ሚልት ሻንክስ የተባለውን የኢሊኖይ ገበሬ ተጫወተ። ሻንክስ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የደቡቦች ደጋፊ ነው ተብሎ በጎረቤቶቹና በቤተሰቡ የተጠላ፣ በእውነቱ ግን በሊንከን ትእዛዝ በምሥጢር ያገለገለ ሰው ነው፤ እውነቱን የሚገልጠው ካረጀ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ያልሞላው ተዋናይ ሽማግሌውን ሆኖ ያሳየበት መንገድ ታላቅ አድናቆት አተረፈለት። በ1919 ደግሞ ወንድማማቾቹ በጣልያናዊው ሴም ቤኔሊ «ዘ ጀስት» (ቀልዱ) ውስጥ ተፋጠጡ፤ ጆን ለግላጋውን ተበዳይ፣ ላዮነል ጨካኙን ጉልበተኛ ሆኑ።

ውድቀቱ የመጣው በ1921 ነው። አርተር ሆፕኪንስ ባዘጋጀውና ሮበርት ኤድመንድ ጆንስ የመድረክ ንድፉን በሠራው «ማክቤዝ» ላዮነል መሪ ሆኖ ቀረበ። ንድፉም ትወናው��� በሃያሲያን ክፉኛ ተነቀፉ፤ ትርኢቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ጆን ከነዚያው ሁለት ባለሙያዎች ጋር ያቀረበው «ሐምሌት» 101 ጊዜ ታየ። አዘጋጁና ንድፍ አውጪው አንድ ሆነው ውጤቱ ይህን ያህል መራራቁ ልዩነቱን በሁለቱ ወንድማማቾች የተፈጥሮ ስጦታ ውስጥ እንድንፈልግ ያደርጋል። የላዮነል ኃይል አንድን ገፀ ባሕርይ በዝርዝር ቀርጾ ማቆም እንጂ ሙሉ ትርኢትን በራስ ግርማ ተሸክሞ መጓዝ አልነበረም። በ1925 የቀረቡት ተውኔቶቹም አልሰመሩም፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቴአትር መድረክ አልተመለሰም።

ሽልማት ያልነበረው ሚና

በ1926 ሜትሮ ጎልድዊን ማየር ከተባለው የፊልም ስቱዲዮ ጋር ውል ገባ፤ ቀሪውን ዘመኑንም ያሳለፈው በአብዛኛው በዚያ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ብዙ የድምፅ አልባው ዘመን ተዋንያን ሲቸገሩ፣ ከመድረክ ለመጣው ላዮነል ንግግር የታጠቀው መሣሪያ ነበር። በ1929 ያዘጋጀው «ማዳም ኤክስ» በአዘጋጅነት ለአካዳሚ ሽልማት አሳጭቶታል።

በ1931 በወጣው «ኤ ፍሪ ሶል» (ነፃ ነፍስ) ፊልም ለመጠጥ የተሸነፈ ጠበቃ ሆኖ ተጫወተ። የታሪኩ ማዕከል በኖርማ ሺረር የተጫወተችው የጠበቃው ልጅ ናት፤ አባትየው በፍርድ ቤት ረጅም ንግግር አድርጎ፣ የልጁ ሕይወት ለተበላሸበት ጥፋት ራሱን ከስሶ እዚያው ወድቆ ይሞታል። በዚህ ሚና ላዮነል የአካዳሚውን ምርጥ ተዋናይ ሽልማት አገኘ። በዚያን ጊዜ ለረዳት ተዋናይ የተለየ ሽልማት አልነበረም፤ የተጀመረው በ1936 ለታዩ ፊልሞች ነው። በኋላው መመዘኛ ቢታይ ሚናው በረዳትነት ሊመደብ የሚችል ነው። ስሙ በመሪዎች ዝርዝር ይጻፍ እንጂ ያሸለመው ሥራ የረዳት ተዋናይ ሥራ ነበር።

በ1932 «ግራንድ ሆቴል» ውስጥ ሞቱን የሚጠባበቅ፣ ያጠራቀማትን ገንዘብ በመጨረሻ ቀኖቹ ሊደሰትባት የወጣ ምስኪን የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሦስቱ እህትና ወንድማማቾች በአንድነት የታዩበት «ራስፑቲን ኤንድ ዘ ኤምፕረስ» (ራስፑቲንና ንግሥቲቱ) ተሠራ፤ ኤቴል ንግሥቲቱን፣ ጆን መስፍኑን፣ ላዮነል ራስፑቲንን ተጫወቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከፈሪው ሒሳብ ሠራተኛ ወደ አስፈሪው መነኩሴ መሸጋገር በአያቱ ቴአትር ቤት የተለመደውን መለዋወጥ ያስታውሳል።

ተሽከርካሪው ወንበር

በ1930ዎቹ አጋማሽ የዳሌ አጥንቱ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ በዚህ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ተጨምሮበት መራመድ እያቃተው ሄደ። በ1936 የገና ዋዜማ ሁለተኛ ሚስቱ አይሪን ፌንዊክ አረፈች። ከ1934 ጀምሮ በገና ሰሞን በሬዲዮ የዲከንስን ቆጥቋጣ ሽማግሌ ስክሩጅን ይጫወት ነበርና፣ በዚያ ዓመት ወንድሙ ጆን ተክቶት ሠራ።

ለመሪ ተዋናይ እንዲህ ያለ የአካል ጉዳት የሥራ መጨረሻ ሊሆን ይችል ነበር። ለረዳት ተዋናይ ግን ታሪኩ በትንሹ ተስተካክሎ ቦታ ሊበጅለት ይችላል። በ1938 ፍራንክ ካፕራ ባዘጋጀው «ዩ ካንት ቴክ ኢት ዊዝ ዩ» ውስጥ አያትየው በክራንች የሚሄደው በደረጃ መደገፊያ ላይ ሲንሸራተት ተጎድቶ ነው የሚል ምክንያት ተሰጠው። በዚያው ዓመት በተጀመሩት የዶክተር ኪልዴር ፊልሞች ደግሞ ቁጡውን ግን ደግ ልብ ያለውን ዶክተር ጊሌስፒን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ተጫወተ። የወጣቱን ሐኪም ሚና የያዘው ሉ ኤይርስ በ1942 ከተከታታዩ ሲወጣ፣ ስቱዲዮው ፊልሞቹን በጊሌስፒ ስም እስከ 1947 ቀጠለ። ከ15ቱ ፊልሞች በመጨረሻዎቹ 6 ረዳቱ ባለታሪክ መሪ ሆነ ማለት ነው።

የወንበሩ ጥበብ ጎልቶ የሚታየው በ1946 በወጣው የካፕራ ፊልም «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» ነው። ሚስተር ፖተር የተባለው ባለጠጋ ከወንበሩ አይነሣም፤ ሰዎች ወደ እርሱ ይመጣሉ። ተዋናዩ የቀሩት ድምፁ፣ ዓይኑና አገጩ ናቸው። ሳያስቡት እጁ የገባውን የሌላ ሰው 8,000 ዶላር ሲደብቅ፣ ወንበሩን ከሚገፋው ሰው በቀር የሚያይ የለም፤ ፊልሙ ሲያልቅም አይቀጣም። የዋናው ባለታሪክ ተስፋ መቁረጥ እውነት ሆኖ የሚሰማው ከፊቱ የቆመው ክፋት ይህን ያህል የማይነቃነቅ ስለሆነ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ«ኪ ላርጎ» ያው ወንበር ተቃራኒውን ይናገራል፤ ወንበዴዎች ሆቴሉን የያዙበት ሽማግሌ በቁጣ ከወንበሩ ተነሥቶ ለመማታት ሲሞክር ይወድቃል። በአንዱ ፊልም የሥልጣን ዙፋን የነበረው በሌላው የአቅም ማጣት ምልክት ሆኗል።

በእርግጥ የዚህ ዘመን ሥራው ሁሉ እኩል አይደለም። ቁጡ ሽማግሌነቱ በተደጋገመ ቁጥር ማጉረምረሙና የፊቱ መጨማደድ ልማድ የሆነባቸው ፊልሞች አሉ። ስቱዲዮው የሚታወቅ ፊት ደጋግሞ መሸጥ ስለሚፈልግ፣ ብዙ ዓይነት ሰው መሆን የሚችለውን ተዋናይ በአንድ ዓይነት ሰው ወስኖታል። ፖተርና የ«ኪ ላርጎ»ው ሽማግሌ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን የቀድሞው ችሎታ በጠበበው ቦታ ውስጥም እንዳልጠፋ ይመሰክራሉ።

ማጠቃለያ

ጆን ባሪሞር በ1942 ሲሞት የመሪነት ክብሩ በመጠጥ ብዛት ከከሸፈ ቆይቶ ነበር። ላዮነል ለወንድሙ መታሰቢያ የደረሰውን ሙዚቃ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። ኤቴል በበኩሏ «ነን በት ዘ ሎንሊ ሃርት» በተባለው የ1944 ፊልም የአካዳሚውን ሽልማት ያገኘችው በረዳት ተዋናይነት ነው። ላዮነል እስከ 1953 ድረስ በፊልም ታይቶ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1954 በካሊፎርኒያ አረፈ። በትርፍ ጊዜው የሥዕል ኅትመቶችን መሥራቱን አላቋረጠም ነበር።

ያልመረጠውን ሙያ ከስድሳ ዓመታት በላይ የኖረበት ይህ ሰው፣ ከሦስቱ ልጆች ለመድረክ ፍቅሩ ትንሹ፣ የአያቱን ቤት አሠራር ግን ይበልጥ ይዞ የቆየው ነበር። በ1902 ያሳወቀው፣ በ1931 ያሸለመው፣ በ1946 በትውልዶች ትዝታ ያስቀመጠው ሥራ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ የገባ ገፀ ባሕርይ ነው። በመሪነት የቆየባቸው ዓመታት በዚህ ረጅም መስመር መካከል የገቡ አጭር ምዕራፍ ናቸው። ስለዚህ ሕይወቱን ከመሪነት ወደ ረዳትነት እንደ መውረድ ማንበብ መነሻውንም መድረሻውንም መዘንጋት ይሆናል።