ግዙፉን ጦር ያደከመው ሐበሻ፦ የማሊክ አምበር ሕይወት

ትንሽ ሰው ትልቁን ሊያሸንፍ ይችላል? ቴኳንዶና ካራቴ በሚሠለጥኑ ወጣቶቻችን ዘንድ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የገጠሩ ልጅም ጥያቄውን ያውቀዋል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ በቀየትም መስክ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ትግል ሲገጥሙ አቅሙ ያነሰው ጉልበትን በጉልበት አይመልስም። ጎንበስ ብሎ ወገብ ይይዛል፣ እግር ይጠልፋል፣ ትልቁ ልጅ በገዛ ክብደቱ እስኪወድቅ ይጠብቃል።

የስፖርቱ ዓለም ግን ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አለው። ቦክስ፣ ጁዶ፣ ነጻ ትግልና ቴኳንዶ ተወዳዳሪዎቻቸውን በኪሎ ይከፋፍላሉ። ችሎታቸው የተመጣጠነ ሁለት ሰዎች ሲገጥሙ ድሉ ወደ ከባዱ ያደላልና ነው። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባበት በ1964 የቶኪዮ ውድድር የክብደት ገደብ በሌለው ምድብ ወርቁን የወሰደው ግዙፉ ሆላንዳዊ አንቶን ጌሲንክ ነበር። ጃፓናዊውን ተጋጣሚውን ያሸነፈው በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ ነው።

ስለዚህ መጠን ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በመጠን የተበለጠ ሰው ራሱን ለመከላከል ምን ማድረግ አለበት? ይህን በቃል ሳይሆን በሕይወቱ የመለሰ አንድ ሐበሻ በታሪክ ውስጥ እናገኛለን። ስሙ ማሊክ አምበር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሊክ አምበር በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ቻፑ እንደነበር ይነገራል። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 ከወደቁ ገና ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ አገሪቱ ከረጅም ጦርነት ያላገገመችበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ልጆች በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቀው በቀይ ባሕር በኩል ይጋዙ ነበር። ቻፑም ከእነሱ አንዱ ሆነ። የመን ውስጥ በሞካ ወደብ ለገበያ ቀረበ፤ ከእጅ ወደ እጅም ተላለፈ።

በመጨረሻ የገዛው ሚር ቃሲም የተባለ የባግዳድ ሰው ነበር። ሚር ቃሲም የልጁን ንቃት አይቶ አስተማረው። ቻፑ ሙስሊም ሆነ፤ አምበር የሚለው ስምም በዚያን ጊዜ ወጣለት። ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብና የአስተዳደር ሥራ ተማረ። ወደፊት የጦር መሪ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በኋላ የጦር ሜዳውን እንደ ሒሳብ ሲያሰላ የሚያዩት ግን ትምህርቱ በከንቱ እንዳልቀረ ይረዳሉ።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምበር ወደ ሕንድ፣ ደከን ወደሚባለው የደቡብ ከፍተኛ ምድር ተወሰደ። እዚያ የገዛው ቼንጊዝ ኻን የአሕመድነገር መንግሥት ፔሽዋ፣ ማለትም ዋና ሚኒስትር ነበር። የሚገርመው ቼንጊዝ ኻን ራሱ ሐበሻ ነበር፤ ራሱም በባርነት መጥቶ እስከዚያ ማዕረግ የደረሰ። በእሱ ሥር ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሐበሾች ያገለግሉ ነበር። አምበር የመንግሥት አሠራርንና የጦር ስልትን በቅርብ ሆኖ ያየው በዚህ ቤት ነው።

ቼንጊዝ ኻን ሲሞት ባለቤቱ አምበርን ነጻ አወጣችው። ነጻነት ግን እንጀራ አይሆንም። ለዓመታት ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው እየዞረ በወታደርነት አገለገለ፤ በቢጃፑርም ቆየ። ማሊክ የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በዚያ ነው። በ1590ዎቹ አጋማሽ ወደ አሕመድነገር ሲመለስ በሥሩ የነበሩት ፈረሰኞች 150 ያህል ብቻ ነበሩ።

በሰሜን በኩል በዘመኑ ከነበሩት መንግሥታት ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የሙጋል ግዛት ወደ ደከን እየገፋ ነበር። አፄ አክባር ወደ ደቡብ የላከው ጦር በ1600 የአሕመድነገርን ምሽግ ያዘ። ንጉሡ ተማረከ፤ መንግሥቱም አበቃለት ተባለ። አምበር ግን እጅ አልሰጠም። መሪ ያጣውን ወታደርና የተበተነውን ፈረሰኛ እየሰበሰበ ሠራዊቱን ወደ ሺዎች አሳደገ። ከገዢው ቤት ዘር ሙርተዳ የተባለ ወጣት ፈልጎ አነገሠው፤ ልጁንም ዳረለት፤ ራሱም እንደራሴ ሆነ። በባርነት የመጣው ሰው አሁን የአንድ መንግሥት ጠባቂ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አካሉ አንድ ነገር ማለት ይገባል። በ1617 አካባቢ በአካል ያገኘው ሆላንዳዊ ነጋዴ እንደመዘገበው ማሊክ አምበር ቁመተ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ፊቱም የሚያስፈራ ሰው ነበር። ማለትም በአካሉ ትንሽ አልነበረም። ትንሽ የነበረው የያዘው ኃይል ነው። እንዲህ ያለ ሰው በጉልበቱ ተማምኖ ፊት ለፊት ቢገጥም ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ሜዳ ላይ ያለውን እውነት አየ፦ ሙጋሎች በሰው፣ በገንዘብ፣ በመድፍና በዝሆን ይበልጡታል። በእነሱ ምርጫ ቦታና ሰዓት ከገጠመ ያልቅለታል።

ስለዚህ የእነሱን ምርጫ ነፈጋቸው። የማራታ ተወላጅ ከሆኑ ፈረሰኞችና ከሐበሾች ጋር ሆኖ ያዳበረው ስልት በርጊ ጊሪ ይባላል። ፈረሰኛው ጓዝ አያበዛም፤ ከባድ ድንኳን አይጭንም። ጠላት ሲመጣ ይሸሻል፤ ሲያርፍ ሌሊት ይመታዋል። ስንቅ የሚያመላልሰውን ቅፍለት ይቆርጣል፤ ለፈረስና ለዝሆን የሚሆነውን ሣር ያቃጥላል። ግዙፉ ጦር የሚያስፈራው መጠኑ ዕዳ ይሆንበታል፤ ብዙ አፍ ብዙ እህል ይፈልጋልና። መድፉ ገደል ሲያጋጥመው ይቆማል፤ ዝሆኑ በጠባብ መንገድ ላይ ለጌታው ጭምር መሰናክል ይሆናል።

የመልክዓ ምድሩ ነገር ደግሞ የእኛን ደጋ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ደከን በጥንት ዘመን እየተደራረበ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት የተሠራ ከፍታ ነው፤ የመንዝና የመርሐቤቴ ደጋም እንዲሁ። ሁለቱም አናታቸው ሜዳ፣ ጠርዛቸው ገደል ነው። ጀማና ወንጭት የቆረጡትን ሸለቆ ወርዶ የወጣ ሰው፣ ብዙ ሕዝብና ብዙ ጓዝ በእንዲህ ያለ ቦታ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። አምበር የተጠለለባቸው እንደ ደውላታባድ ያሉ ምሽጎችም ከአምባ የሚለዩ አይደሉም። አገሩን የሚያውቅ ጥቂት ሰው አገሩን ከማያውቅ ብዙ ሰው ጋር ሲተያይ ሚዛኑ ይለወጣል።

በዚህ መንገድ አምበር ከ20 ዓመታት በላይ ሙጋሎችን ተከላከለ። በ1610 የአሕመድነገርን ምሽግ መልሶ ያዘ። ከአክባር በኋላ የነገሠው ጃሃንጊር በዚህ ሐበሻ ክፉኛ ተናደደ። በሠዓሊው አቡል ሐሰን ባሠራው ሥዕል ላይ ጃሃንጊር በጦር ጫፍ የተሰካን የማሊክ አምበር ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ ይታያል። ይህ በእውነት ሆኖ አያውቅም። በዓለም ኃያል ከሚባሉት ነገሥታት አንዱ በሜዳ ያላገኘውን ድል በቀለም አስሣለ።

ይሁን እንጂ ስልት ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ ማስተማር ወጣቱን ማታለል ነው። አምበር ተሸንፏል። በ1616 ከጦር አለቆቹ የተወሰኑት ከድተውት ወደ ሙጋሎች ገቡ፤ በሮሻንጋውን በተደረገው የፊት ለፊት ውጊያም ጦሩ ተሰበረ። ሙጋሎች የሠራትን ከተማ ዘረፉ፣ አወደሙ። በኋላ ሻህ ጃሃን ተብሎ የነገሠው ልዑል ኹረም በመጣባቸው ጊዜያትም፣ በ1617ና በ1621፣ መሬት ለቆ ለመታረቅ ተገደደ። ግዙፉ በሚመቸው ሜዳ ላይ ሲገጥመውና የራሱ ወገን ሲከፋፈል ክብደት ሥራውን ሠራ። አምበር ግን መታረቅንም እንደ ስልት ተጠቀመበት። ሕይወቱንና ሠራዊቱን አትርፎ፣ ጊዜ ገዝቶ እንደገና ተነሳ።

የሕይወቱ ትልቁ ድል የመጣው በስተርጅና ነው። በ1624 ሙጋሎችና የቢጃፑር መንግሥት ተባብረው ዘመቱበት። አምበር ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 76 ተጠግቷል። ጦሩን ይዞ ባትቫዲ ወደተባለ ቦታ አፈገፈገ። በዚያ የነበረውን የሐይቅ ግድብ አስከፍቶ ውሃውን በጠላት መንገድ ላይ ለቀቀው፤ ምድሩ ጭቃ ሆነ። የተባበረው ጦር በጭቃ ተይዞ ስንቅ አጠረው፤ ሌሊት ሌሊት የአምበር ፈረሰኞች እንቅልፍ ነሱት፤ ወታደሩ መክዳት ጀመረ። በመጨረሻ አምበር ሲመታው ሠራዊቱ ፈረሰ፤ የቢጃፑር ጦር አዛዥ ተገደለ፤ ከሙጋል መኳንንትም ብዙዎች ተማረኩ። በዚያ ቀን ከአምበር ጎን ከተዋጉት አንዱ ሻህጂ የተባለ የማራታ መኮንን ነበር። የሻህጂ ልጅ ሺቫጂ በኋላ በዚሁ የቀላል ፈረሰኛ ስልት ሙጋሎችን ተዋግቶ የማራታን መንግሥት መሠረተ።

ታሪክን በሐቅ ስንናገር ጥላውንም አንደብቅም። ራሱ ያነገሠው ሙርተዳ በ1610 ሞተ፤ ያስገደለውም አምበር እንደሆነ ታሪክ ይናገራል። ጠቡ በቤተሰብ ውስጥ የተነሳ ነው፤ ሌላዋ የንጉሡ ሚስት የአምበርን ልጅ የባሪያ ልጅ ብላ ሰድባታለች ይባላል። አምበር ከውጭ የመጣውን ኃይለኛ በትዕግሥት መክቷል፤ በእጁ ሥር ባለው ደካማ ላይ ግን ክንዱን አልሰበሰበም። ይህም ለአንባቢ ትምህርት ነው። ጉልበት ያለው ሰው የሚፈተነው ከእሱ የሚያንሰው ፊቱ ሲቆም ነው።

በሌላ በኩል የሠራው ሥራ ዛሬም ይታያል። በ1610 ኺርኪ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ፤ በኋላ አውራንጋባድ ተብላ የታወቀችው እሷ ናት። ከተማዋ ውሃ ስላልነበራት ከመሬት በታች ውሃ የሚያመጣ ቦይ አስቆፈረ። ነህረ አምበሪ የሚባለው ይህ ቦይ ከእሱ ሞት በኋላ ለረጅም ዘመን ሕዝቡን አጠጥቷል። መሬት እንዲለካና ግብሩ በምርቱ መጠን እንዲሆን ሥርዓት አወጣ። በመንግሥቱ ሥራ ላይ ሙስሊሙም ሂንዱውም ተሳታፊ ነበር። ሠራዊቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ገበሬው ቢጠላው ኖሮ ፈረሰኞቹ በተራራው ውስጥ የሚያሳድራቸው አያገኙም ነበር።

ማሊክ አምበር በ1626፣ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ሲጠጋ፣ በሕመም አረፈ። በኹልዳባድ ራሱ ባሠራው መቃብር ተቀበረ። በሕይወት ሳለ ይሰድቡት የነበሩት የሙጋል ታሪክ ጸሐፊዎች ሲሞት በጦር ስልት አቻ እንዳልነበረው መሰከሩ። ልጁ ፈትህ ኻን ግን የአባቱን ጥበብ አልወረሰም። በ1633 ደውላታባድን አስረከበ፤ በ1636 የአሕመድነገር መንግሥት ከካርታ ጠፋ። ምሽጉም ተራራውም እንደነበሩ ናቸው፤ የጎደለው ሰውየው ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ መልሱ ሁለት ወገን አለው። የአካል መጠን ዋጋ አለው፤ ይህን የሚክድ አሠልጣኝ ተማሪውን ለአደጋ ያጋልጣል። ነገር ግን መጠን የሚሠራው ትልቁ በመረጠው ቦታ ስንቆምለት ነው። ራሱን የሚከላከል ሰው ዋንጫ አይፈልግም፤ በደህና ቤቱ መግባት ነው የሚፈልገው። መሸሽ ከተቻለ መሸሽ ሽንፈት አይደለም። ካልተቻለ ቦታን ማወቅ፣ ትንፋሽን መቆጠብ፣ ወዳጅን አስቀድሞ ማፍራት ከክንድ ውፍረት በፊት ይመጣሉ። ከቤቱ ተነጥቆ በገበያ የተሸጠ የሐበሻ ልጅ ታላቅ መንግሥትን ከ20 ዓመታት በላይ ያቆመው በዚህ ነው። አላህ ይዘንለት።